የቦስተኑ መሸታ ቤትና የእኛ ወንበሮች

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ሜይ 20 ቀን 2025) በምናዘወትራት የሰፈራችን ካፌ ተቀምጠን ሳለ አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጃችን ስልኩን እያየ ገባና «ሰማችሁ? ኖርም እኮ ሞተ!» አለን። ጠረጴዛውን ከበን ከተቀመጥነው አምስት ሰዎች አንደኛው «የቱ ኖርም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላኛው ግን ሲኒውን አስቀምጦ «እግዚኦ! በምን ሞተ?» አለ፤ ልክ የአጎቱን ልጅ መርዶ እንደተረዳ ሰው። ያልገባው ሰው እየሳቀ «ለፈረንጅ የፊልም ሰው ነው እንዲህ የደነገጣችሁት?» አለን። አዎን፣ ደንግጠናል። ለምን እንደደነገጥን ለሱ በደንብ ማስረዳት ስላልቻልን ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው።

ሟቹ ጆርጅ ዌንት ይባላል። ያረፈው በ76 ዓመቱ ነው። እኛ የምናውቀው ግን ኖርም ፒተርሰን በሚለው የቴሌቪዥን ስሙ ነው፤ «ቺርስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ከባንኮኒው ጫፍ ካለችው ወንበሩ የማይነሣው ወፍራሙ የሒሳብ ሠራተኛ። የሚገርመው ደግሞ የሞተበት ቀን የዚያ ፊልም የመጨረሻ ክፍል ከታየበት ከሜይ 20 ቀን 1993 ልክ በ32ኛው ዓመት መዋሉ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

ላላዩት አንባቢያን ባጭሩ እንንገራችሁ። «ቺርስ» ማለት እኛ ብርጭቆ ስናጋጭ «ለጤናችን!» እንደምንለው ነው። ፊልሙ ቦስተን ከተማ ውስጥ በሚገኝ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በደረጃ በሚወረድበት አንድ የሰፈር መሸታ ቤት ውስጥ የሚያዘወትሩ ሰዎችን ታሪክ ያሳያል። ግሌን ቻርልስና ሌስ ቻርልስ የተባሉ ወንድማማቾች ከጄምስ ቦሮውስ ጋር ሆነው ፈጠሩት፤ ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1982 ጀምሮ ለ11 የውድድር ዘመን... ይቅርታ፣ የስፖርት ገጽ ያዘጋጀንበት ልማድ አለቀቀንም፤ ለ11 ምዕራፍ አሳየው። ሲጀምር ያየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሳምንት የተመልካች ቆጠራ ሲወጣ ከ77 ፕሮግራሞች 74ኛ ሆኖ ተገኘ። የጣቢያው አለቆች ግን አልሰረዙትም። በኋላ ስምንት ምዕራፍ ያህል ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተርታ ተሰለፈ፤ በ1990/91 አንደኛ ወጣ፤ 28 የኤሚ ሽልማትም ወሰደ። (ለአንድ ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ ስድስት ወር ሳንሰጥ «አልሠራም» ብለን የምንዘጋ የዲያስፖራ ሰዎች ይህችን ነገር ልብ ብንላት ደስ ይለናል።)

ቤቱን ከውጭ ስታዩት እውነተኛ ነው። ቢከን ጎዳና ላይ፣ ከቦስተን የሕዝብ መናፈሻ ፊት ለፊት፣ በ1969 የተከፈተ «ቡል ኤንድ ፊንች» የተባለ መሸታ ቤት ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ባለው የፓራማውንት ስቱዲዮ የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ካሜራው ከዚያ ክፍል ንቅንቅ አይልም። የሰዎቹን ቤት አናይም፤ ሥራ ቦታቸውንም አናይም። ያለው ባንኮኒው፣ የቢሊያርዱ ክፍል፣ የባለቤቱ ትንሽ ቢሮና የሚከፈት የሚዘጋ በር ነው። ኖርም ሲጋት የሚውለው ቢራም ቢራ ለመባል ያህል ነበር፤ ዌንት ራሱ እንደተናገረው አልኮሉ እጅግ አነስተኛ፣ ለብ ያለ፣ አረፋው እንዳይከስም ጨው የተነሰነሰበት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጨው የገባበት ለብ ያለ ቢራ ጠጥቶ ያን ያህል ደስታ ፊቱ ላይ ማምጣት፣ የአዘቦት ትወና አይመስለንም።

ባለቤቱ ሳም ማሎን (ቴድ ዳንሰን) ቀድሞ የቦስተን ሬድ ሶክስ ቤዝቦል ተጫዋች የነበረ፣ መጠጥ ኑሮውን ያበላሸበትና ጨርሶ የተወ ሰው ነው። ቤቱን የገዛው ሲጠጣ በነበረበት ዘመን ነው፤ መጠጡን ሲተው ቤቱን ግን አልተወውም። አስተናጋጇ ዳያን ትምህርቷ በአፏ ጫፍ የሚፈስ፣ እጮኛዋ በር ላይ ጥሏት የሄደ ሴት ናት። ካርላ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚፋጅ አስተናጋጅ ናት። ክሊፍ ፖስታ አዳይ ነው። ኮች የሚሉት አሮጌ አሠልጣኝ ባንኮኒው ጀርባ ይቆማል። በኋላም ፍሬዘር የሚባል የአእምሮ ሐኪም ተጨመረ፤ እሱ በ1993 የራሱን ፊልም ይዞ ወጥቶ እስከ 2004 ዘለቀ። በቃ፤ ከዚህ በላይ ብንዘረዝር አንድም የሚያውቀውን እናሰለቻለን፣ አንድም የማያውቀውን እናደናግራለን።

እኛ ይህን ፊልም ያገኘነው ሠርቶ ካለቀ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። 2006 መሆኑ ነው፤ የስደታችን የመጀመሪያ ክረምት። ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ጠብቀን ስንመለስ፣ የተከራየናት ቤዝመንት ውስጥ ማሞቂያው እየተንጫጫ፣ የድሮ ፊልም የሚደግሙ ጣቢያዎች ላይ ቁጭ ብለን እናያለን። እንግሊዝኛችን የጋዜጣ እንግሊዝኛ ነበር፤ የሮይተርስን ዜና መተርጎም አይከብደንም፣ ሱቅ ገብተን ግን መልስ መቁጠር ያቅተን ነበር። ቀልድ የገባን በዚህ ፊልም ነው። ሌላም ነገር ወርሰናል፤ ክሊፍ የሚባለው ፖስታ አዳይ የሚናገረውን «ሳይንስ» ሁለት ሦስት ጊዜ እውነት መስሎን ለሰው አውርተናል። ውሸቱን መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው።

የክሊፍ ነገር ሲነሣ ሳንነግራችሁ ብናልፍ ይቆጨናል። ጆን ራትዘንበርገር የተባለው ተዋናይ ለፈተና የመጣው ለሌላ ሚና ነበር። አልተሳካለትም። ከመውጣቱ በፊት ግን ጸሐፊዎቹን «ለመሆኑ ሁሉን አወቅ የሚባል ደንበኛ አስገብታችኋል? የትም መሸታ ቤት አንድ አይጠፋም» ብሎ ጠየቃቸውና እዚያው ቆሞ አሳያቸው። ሚናው የተፈጠረው እንዲህ ነው። እውነቱን ነው። በኛም ካፌ የሕዳሴ ግድብን ውኃ በሊትር የሚነግረን፣ የአሜሪካ ሴኔት ነገ የሚያሳልፈውን ውሳኔ ዛሬ የሚያውቅ፣ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ጫማ ቁጥር የሚከራከር አንድ ሰው አለን። ካልመጣ ቀኑ አይመሽም።

እንግዲህ ወደ ነገራችን እንግባ። ያኔ በዚያች ቤዝመንት ውስጥ ከሁሉ በላይ ቀልባችንን የሳበው ቀልዱ አልነበረም። አንድ ሰው ተነሥቶ ፕሬዚዳንቱን፣ አለቃውን፣ ሚስቱን ሲያማ ማንም ዞር ብሎ ከጎኑ ያለው ማን እንደሆነ አለማየቱ ነው። ይህን ደጋግመን ጠበቅነው። አይዞሩም። ቢዞሩ እንኳ ለመሳቅ ነው።

በእኛ ዘመን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርንበት ጊዜ ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ አንዲት ግሮሰሪ ነበረች። ባለቤቷን እትዬ እንላቸው ነበር። ዱቤያችንን ከደብተር ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ደመወዝ ሲወጣ በላጲስ ያጠፋሉ። ወንበራችን የታወቀ ነው፤ ማን ምን እንደሚጠጣ ሳይጠየቅ ይቀርባል። ስማችንንም ያውቁታል። ችግሩ ስማችንን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ አለመሆናቸው ነው። አበው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ፤ ብቅሉ ያወጣውን ተቀብሎ የሚመዘግብ ጆሮ ግን በደርግም ነበረ፣ ከደርግ በኋላም አልጠፋ። ሲጠጣ አይሰክርም፣ ሲጋበዝ እምቢ አይልም፣ ሲጠየቅ ደግሞ የሚሠራበትን ቦታ አንዴ መብራት ኃይል አንዴ ጉምሩክ ይላል። ሁላችንም እናውቀው ነበር። ወንበሩ ግን እንደኛው ቋሚ ነበረች።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ካለፈ በኋላ በነበሩት ወራት፣ ማታ በዚያች ግሮሰሪ የምናፌዝበትን ርዕስ ጠዋት ራሳችን ነበርን የምንጽፈው። ይህን ለማመን ሌላ ሰው እስኪነግረን አንጠብቅም። አንድ ማታ ከኛ ሥር የሚሠራ ወጣት ሪፖርተር ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ በዚያን ዕለት ስለወጣው ዜና ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር ጀመር። የተናገረው እውነት ነበር፤ ዜናውን ያረምነው እኛ ስለሆንን እናውቃለን። እኛ ግን ምን አደረግን? ወንበራችንን አንሥተን ወደ ሌላው ጠረጴዛ ራቅ አልን። አንድ ሁለቱም ተከተሉን። ልጁ ብቻውን ቀረ። በሳምንቱ ከሥራ ታገደ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አልሰማንም። እኛም ዓመት ሳይሞላ አገር ለቀቅን። ሰው «ለምን ተሰደድክ?» ሲለን የምንመልሰው ሌላ ሌላውን ነው። ቤዝመንቷ ውስጥ፣ የሳም ማሎን ደንበኞች አንዱ ሲከፋው ብርጭቆአቸውን ይዘው ወደሱ ሲጠጉ ስናይ ግን ትዝ የሚለን ያ የወንበር ድምፅ ነበር፤ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት።

በ1983 ከታዩት ክፍሎች በአንዱ ቲፕ ኦኒል ወደዚያ ቤት ይገባሉ። ተዋናይ አይደሉም፤ በወቅቱ የአሜሪካ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ራሳቸው ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ አንድ ነገር ቢሆኑ አገሩን የሚረከቡት ሰው ማለት ነው። የምርጫ ወረዳቸውም እዚያው አካባቢ ነው። መንገድ ሳይዘጋላቸው፣ ካድሬ ቀድሞ ወንበር ሳይወለውልላቸው፣ ባንኮኒው ጋ ከደንበኞቹ ጋር ቁጭ አሉ። የዋህ አትበሉን፤ ለፖለቲከኛ እንዲህ ያለው ነገር የምረጡኝ ቅስቀሳ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በአገራችን ባለሥልጣን እንዲህ ሆኖ ራሱን ለሕዝብ ሳቅ ሲያቀርብ ያየንበት ቀን ትዝ አይለንም። አንድ ጊዜ አንድ ካርቱን አቅርበን (የሰውየው ሆድ ትንሽ ጎላ ብሎ ነበር) ያየነውን አሳር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ከአገራችን ጋር የሚያገናኘው ሌላ ነገርም አለ፤ ይህኛው አያስቅም። ሞሐመድ አሚን ቀርጾ ማይክል ቡርክ የዘገበው የኮረም ረሃብ ፊልም በቢቢሲ የታየው ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ነው። በዚያኑ ዕለት አሜሪካ ውስጥ ያሳየው ጣቢያ ኤንቢሲ ነበር፤ የማታ ዜናውን ያቀርብ የነበረው ቶም ብሮኮው ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። «ቺርስ» በዚሁ ጣቢያ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ይታያል፤ ሦስተኛ ምዕራፉን መጀመሩ ነው። እንግዲህ የአሜሪካ ሕዝብ ማክሰኞ ማታ የወገናችንን አስከሬን በአቡጀዲ ተጠቅልሎ አየ፣ ሐሙስ ማታ በዚያው ሳጥን የኖርምን ሆድ አይቶ ሳቀ። እኛ ይህን ለወቀሳ አላነሣነውም። በአገር ቤት እኮ ከአንድ ወር በፊት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በርችት አክብረናል፤ ተማሪዎች ነበርን፣ ተሰልፈናል፣ ኮረም ምን እንዳለ ግን አላየንም። ያየው የቦስተን ሰው ነው። ማክሰኞ ያየውም ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ብዙዎቻችን እዚህ ከመጣን በኋላ «ከየት ነህ?» ተብለን «ኢትዮጵያ» ስንል ፊታቸው ላይ የምናየው ነገር ከዚያች ማክሰኞ የመጣ ነው።

ወደ ቦስተን እንመለስ። ስለ ፊልሙ ስንናገር ስድብም ይገባዋል ከሚሉት ወገን ነን። በ1974 አንድ ዳኛ የቦስተን ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን በአውቶቡስ እያመላለሱ እንዲቀላቅሉ ሲያዙ፣ በሳውዝ ቦስተንና በቻርልስታውን ነጮች አውቶቡሱን በድንጋይ ይወግሩ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ የተከፈተው የቴሌቪዥኑ መሸታ ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ አልተፈጠረም። ባንኮኒውን የከበቡት ሁሉ ነጮች ናቸው። ሁሉም ስሙ የሚታወቅበት የተባለለት ቤት፣ የከተማውን ጥቁር ነዋሪ ስም አያውቅም ነበር ማለት ነው። እኛ በዚያ ዘመን በዚያ ደረጃ ብንወርድ ኖሮ ምን ይሉን ይሆን? ይህን ጥያቄ ታክሲ ነጂው ወዳጃችን አንድ ቀን አንሥቶ፣ «ምንም አይሉንም፤ ሒሳብ ስንከፍል ብቻ ያዩናል» አለ።

ጸሐፊዎቹ ጨርሶ አላሰቡበትም ማለትም አይቻልም። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሳም የቀድሞ የቡድን ጓደኛ ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን ይገልጣል፤ ደንበኞቹም «ቤታችን የነሱ መሰብሰቢያ ሊሆን ነው» ብለው ይደነግጡና በአጠገባቸው የተቀመጡትን እንግዶች በአይን እየመዘኑ ከቤቱ ለማስወጣት ያድማሉ። በጉዳዩ ላይ አንባቢያችን የየራሱ አቋም እንዳለው እናውቃለን። እኛን የያዘን ግን ማደማቸው ነው። ትናንት የተቃቀፉ ሰዎች ዛሬ «ማን የኛ ነው፣ ማን አይደለም?» ብለው መቁጠር ሲጀምሩ ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ፤ ኖርም እንኳ፣ ያ ቅን ኖርም። ስንቶቻችን ነን ያንን ቆጠራ በየማኅበራችን የቆጠርነው?

ስለ መጠጡም ዝም አንልም። ኖርም ቬራ የምትባል ሚስት አለችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቷን አናይም፤ አንድ ጊዜ ብትመጣ ፊቷ በኬክ ተሸፍኖ ነው። ሁሌ ይሳቅባታል። እኛም ስቀናል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ባለቤታችን አብራን ታይ ነበረና «እኔም እንደሷ ነኝ፤ ካፌያችሁ ውስጥ ፊት የለኝም» አለች። መልስ አልነበረንም፤ ቴሌቪዥኑን ዘጋነው። ሳም ግን ሌላ ነው። የመጨረሻዋን ቢራ የጠጣበትን ቆርኪ እንደ ክታብ ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ጨዋታ እምቢ ላለው ተጫዋች ያውሰውና ቆርኪዋ ትጠፋለች፤ ያን ማታ ሳም አንድ ብርጭቆ ቢራ ቀድቶ ፊቱ አስቀምጦ ያፈጥበታል። አይጠጣውም። ባንኮኒው ላይ አንሸራቶ ይለቀዋል። ከፊልሙ ሁሉ አንድ ክፍል እዩ ብንባል ይህችን ነው የምንለው። ከኛ መሐል ስደት በጠርሙስ የጨረሰው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ለስንቱ ሬሳ መላኪያ ገንዘብ አዋጥተናል።

ሬይ ኦልደንበርግ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰው ከመኖሪያ ቤቱና ከሥራው ሌላ ሦስተኛ ቦታ ያስፈልገዋል ብለው ጽፈዋል፤ ቡና ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ መሸታ ቤት፣ ማንም ሳይጋበዝ የሚመጣበት ቦታ። ለስደተኛ ነገሩ ይብሳል። አንደኛ ቦታው ኪራይ ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ሥራ ነው። የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነው። ለዚህ ነው በዋሽንግተን አካባቢ ማኪያቶ በሚቀዳበት ቤት ሁሉ ከሰዓት በኋላ ወንበር የማይገኘው።

ፈረንጆቹም ይህን ረሃብ አውቀው ሊሸጡት ሞክረዋል። አንድ ኩባንያ በዘጠናዎቹ ውስጥ በአውሮፕላን ማረፊያዎች «ቺርስ» የተባሉ መጠጥ ቤቶች ከፈተና፣ ባንኮኒው ላይ ኖርምንና ክሊፍን የሚመስሉ፣ የሚንቀሳቀሱ የሚናገሩ አሻንጉሊቶች አስቀመጠ። ዌንትና ራትዘንበርገር «መልካችን ያለ ፈቃዳችን ተሸጠ» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው «የሠራነው የፊልሙን ሰዎች እንጂ እናንተን አይደለም፤ መብቱን ገዝተናል» አለ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2000 አላይም ካለ በኋላ በ2001 በስምምነት አለቀ። እኛን ያስገረመን ግን ሙግቱ አይደለም። ቦታው ነው። ማንም ማንንም የማያውቅበት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ መሐል አጣብቆ ብቻውን ለተቀመጠ መንገደኛ፣ ወዳጅ እንዲሆኑት ሁለት አሻንጉሊቶች!

የኛ ካፌ አሻንጉሊት የላትም፤ ወንበሮቿ ግን ብዙ አይተዋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ቅንጅት ሲከፈል ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዱ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል። ያ በጊዜው ትልቅ ጠብ ይመስለን ነበር። በ2018 ለውጥ መጣ ሲባል ጠረጴዛዎቹን ገጥመን ተቃቀፍን፤ አገር ቤት ገብተው የመጡትም ነበሩ። ኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ግን የሆነው ከዚያ ቀደም ሆኖ አያውቅም። ያን ጊዜ ጠረጴዛ አልተከፈለም፤ ሰው ቀረ። አንዱ ቀረ፣ ሌላው ቀረ። ከመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ለ12 ዓመት የተቀመጠ፣ እኛን መኪና መንዳት ያስተማረን፣ ልጃችን ስትወለድ ሆስፒታል ያደረሰን ወንድማችን አንድ ማታ ስለ ቤተሰቡ ዜና ማጣት ሲናገር፣ ከመካከላችን አንዱ «እናንተ ናችሁ የጀመራችሁት» አለው። «እናንተ» አለው። እኛስ? ያን ማታም ዝም አልን። ወንበር አልጎተትንም እንጂ። እሱ የማኪያቶውን ሒሳብ እንኳ ሳይከፍል ተነሥቶ ወጣ፤ ያን የመሰለ ሒሳብ የማያሳድር ሰው። በ2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም ደወልን፤ አላነሣም። ከ2023 ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ጦርነት ሲገባ ሌሎች ወንበሮች ባዶ ሆኑ፣ ሌላ «እናንተ» መጣ።

«ቺርስ» ውስጥም ሞት አለ። ኮችን የሚጫወተው ኒኮላስ ኮላሳንቶ በፌብሩዋሪ 1985 በልብ ሕመም አረፈ። ጸሐፊዎቹ ሌላ ኮች አላመጡም። ውዲ የሚባል የኢንዲያና ገበሬ ልጅ «የብዕር ጓደኛዬ ነው» ብሎ ኮችን ፍለጋ መጣ፤ ደብዳቤ አልተጻጻፉም፣ ብዕር ነው ሲላላኩ የኖሩት። በሳቁ መሐል መሞቱ ተነገረው። ኮላሳንቶ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የጄሮኒሞን፣ የአፓቼውን አርበኛ፣ ፎቶ ሰቅሎ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ፎቶው መሸታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በመጨረሻው ክፍል፣ ወደ 80 ሚሊዮን ሰው አየው በሚባለው፣ ሳም ከዳያን ጋር ሊሄድ ተነሥቶ ከአውሮፕላኑ ይመለሳል። ጓደኞቹ ሲጋራቸውን አጭሰው፣ ስለ ሕይወት አንድ ሁለት ከንቱ ነገር ተጨዋውተው፣ አንድ በአንድ ይሰናበታሉ። ሳም ብቻውን ባንኮኒውን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል። በር ይንኳኳል፤ ተዘግቷል ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ የጄሮኒሞን ፎቶ ያቃናና ይሄዳል። ፎቶው ለምን እንደተቃና የማያውቅ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል።

ያ ባንኮኒ በ2023 ጨረታ ወጥቶ በ675 ሺህ ዶላር ተሸጧል። ቢከን ጎዳና ላይ ያለው እውነተኛው ቤትም በ2002 ስሙን ቀይሮ «ቺርስ» ተብሏል። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ቦስተን ሄደን ወርደንበት ነበር። ከፊልሙ ጋር ምንም አይመሳሰልም። ቱሪስት ሞልቶታል፤ ካናቴራ ይሸጣል። አስተናጋጇ ስማችንን ጠየቀችን፤ ለወረፋ ነው። ስንነግራት ሦስት ጊዜ አስደገመችንና በመጨረሻ «አንድ ሰው» ብላ ጻፈች።

ኖርም በሞተ ቀን ማታ፣ ቤታችን ገብተን ብዙ ካመነታን በኋላ፣ ለዚያ ስልክ ለማያነሣው ወንድማችን በስልኩ አንድ መልእክት ላክንለት። ሰላምታ የለው፣ ይቅርታ የለው፤ ምን ብለን እንጀምር? «ኖርም ሞተ» ብቻ ነው ያልነው። ፊልሙን አብረን ነበር የምናየው፤ ቤዝመንቷ የሱ ነበረች። በሁለተኛው ቀን መለሰልን።

«ዱቤውን ማን ከፈለለት?»

በማግሥቱ መልእክቱን ለካፌዋ ባለቤት አሳየናት። አነበበችው፣ ሳቀች፣ ከዚያ ከሒሳብ መመዝገቢያው ሥር ያለውን መሳቢያ ስባ አንዲት የቆየች ወረቀት አወጣች። የሱ ናት። ሦስት ማኪያቶ፣ አንድ ሳምቡሳ።